ለመስመር አታሚው ሮቦት፦ የውሃ ቀለም ወይስ የሶልቬንት?

እንደ ኤችፒ ሳይትፕሪንት ያሉ ሮቦቶች በግንባታ ቦታ ግድግዳና በር የሚቆሙበትን መስመር በቀጥታ ሶሌታው (የኮንክሪት ወለሉ) ላይ ያትማሉ። ራስ ምታቱ የቀለሙ ምርጫ ነው፦ በውሃ የተሠራው ወይስ በሶልቬንት፣ ማለትም ቶሎ በሚተን ኬሚካል የተሠራው?

የውሃው ቀለም ሽታ አይበዛበትም፤ ሸካራ ኮንክሪትም ቶሎ ይመጠዋል። ለስላሳ ወለል ላይ ግን ሳይደርቅ አንድ ቦት ጫማ ከረገጠው መስመሩ ይዝረከረካል። ዝናብ ከመጣማ ተዉት።

የሶልቬንቱ ቶሎ ይደርቃል፤ ብረት ላይም ይይዛል። ጣጣው የማተሚያው ቀዳዳ ላይም መድረቁ ነው። ክዳኑን ሳትገጥሙ ምሳ ከወጣችሁ፣ ስትመለሱ የተቆራረጠ መስመር ይጠብቃችኋል። ያኔ ክር በማይለቅ ጨርቅ ጠርጎ የሙከራ መስመር ማተም ነው። ተቀጣጣይ ስለሆነም ብየዳ አጠገብ አይቀመጥም።

እኔ ክፍት ሶሌታ ላይ ሶልቬንቱን እመርጣለሁ፤ አየር በማይገባው ቤዝመንት ግን የውሃውን። አቧራ ላይ ሁለቱም አይይዙም፤ መጥረጊያው ይቅደም።