ከ14 ወር በኋላ፦ ትራክ ሶው ቀጥ ያደርጋል፣ ስኩዌር የሚያደርገው ግን ጠረጴዛው ነው

ትራክ ሶው ከመግዛቴ በፊት የሠራሁት የመጨረሻው የኪችን ካቢኔት የአንዲት እናት ነበር። ገጥሜ ጨርሼ በሮቹን ስዘጋ ዝም ብለው አዩና "ልጄ፣ እነዚህ ሁለቱ ምነው ተጣሉ?" አሉኝ። በሁለቱ በሮች መሃል ያለው ክፍተት ከላይ 2 ሚሊ፣ ከታች ወደ 5 ሚሊ ነበር። ማጠፊያውን እያላላሁ፣ እያጠበቅሁ ለማስታረቅ ግማሽ ቀን ፈጀሁ። ችግሩ ግን ማጠፊያው ላይ አልነበረም። በሮቹ ራሳቸው ስኩዌር አልነበሩም፤ ጥጎቻቸው ልክ 90 ዲግሪ አልነበሩም ማለት ነው።

በዚያው ጥቅምት ወንድሜ ከዱባይ ሲመጣ ማኪታ ኤስፒ6000ጄ ትራክ ሶው ይዞልኝ መጣ። አብረውት 1.4 ሜትር የሆኑ ሁለት ሀዲዶች ነበሩ። አሁን 14 ወር ሆኖታል። አዲስ አበባ ውስጥ ባለችኝ አንድ ክፍል ወርክሾፕ ኪችን፣ ቁም ሳጥን፣ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ሠርቼበታለሁ። ትልቅ የፓኔል መቁረጫ ማሽን የማስገባበት ቦታ የለኝም። ስለዚህ ይህ ማሽን ለኔ ተጨማሪ ዕቃ ሳይሆን ዋናው መቁረጫዬ ነው።

ለማያውቀው፣ ትራክ ሶው በእጅ የሚገፋ ክብ መጋዝ ነው፤ ልዩነቱ በአሉሚኒየም ሀዲድ ላይ መሄዱ ነው። በሀዲዱ ጠርዝ ላይ ቀጭን ጎማ ተለጥፏል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቆርጡ መጋዙ ራሱ ያንን ጎማ ይከረክመዋል። ከዚያ በኋላ የጎማው ጠርዝ ያለበት ቦታ ሁሉ ዲስኩ የሚያልፍበት ነው። ጎማውን የእርሳስ ምልክታችሁ ላይ አስቀምጣችሁ መግፋት ብቻ ነው። ጎማው ላዩን ስለሚጫነው ሜላሚኑ (የሰሌዳው ልባስ) አይሸራረፍም። የኔው 165 ሚሊ ዲስክ አለው፣ ሞተሩ 1300 ዋት ነው። ጥልቀቱ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ቃጫ ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ) ቀርቶ ወፍራም ጣውላም ይችላል።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በደስታ ነው ያሳለፍኩት። 2.44 ሜትር ርዝመት ያለውን ኤምዲኤፍ መሬት ላይ፣ በፎም ላይ አስተኝቼ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስቆርጠው ጠርዙ እንደ መስታወት ይወጣል። ከዚያ የካቢኔት ሳጥን ገጠምኩ። አሁንም ሰያፍ ለሰያፍ ስለካው 3 ሚሊ ልዩነት። ማሽኑ ምንም አላጠፋም። ሀዲዱ ያስቀመጥኩበት ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ቆርጧል። ያስቀመጥኩበት ቦታ ግን በ30 ሳንቲም ስኳድራ (የጥግ መለኪያ) እና በእርሳስ የተሰመረ ነበር። 30 ሳንቲም ላይ በዓይን የማይታይ ስህተት 60 ሳንቲም ላይ እጥፍ ይሆናል። ቀጥ ማለት ሌላ፣ ስኩዌር መሆን ሌላ መሆኑን በደንብ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ጠረጴዛው የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ፌስቱል የሚባለው የጀርመን ድርጅት ኤምኤፍቲ የሚል ጠረጴዛ አለው። ገጹ 20 ሚሊ ስፋት ባላቸው ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ በየቀዳዳው መሃል ያለው ርቀት 96 ሚሊ ነው። 96 ደግሞ 32 ሲባዛ በ3 ነው፤ ካቢኔት ሠሪው የመደርደሪያና የማጠፊያ ቀዳዳ የሚመታበት ያው የ32 ሚሊ ስርዓት። ቀዳዳዎቹ ውስጥ ክብ ፒኖች ትተክላላችሁ። በአንድ ረድፍ ያሉት አጫጭር ፒኖች ሰሌዳው የሚደገፍበትን የአሉሚኒየም ፕሮፋይል፣ ማለትም መደገፊያውን፣ ይይዛሉ። በሌላው አቅጣጫ ያሉት ረጃጅሞቹ ሀዲዱን ይይዛሉ። ሁለቱ ረድፎች 90 ዲግሪ ከሆኑ ቁርጡም 90 ዲግሪ ይሆናል። ስኳድራም እርሳስም አያስፈልግም።

እኔ የራሴን ነው ያሠራሁት። 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ ይዤ ኤምዲኤፍ የሚቀርጹበት ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቅረጫ) ቤት ሄድኩ። ፒኖቹን ቶርኖ ቤት ከአሉሚኒየም አስወጣኋቸው። መጀመሪያ የተቆረጠልኝ ገጽ ቀዳዳው 20.3 ሚሊ ሆኖ ወጣ። "ሦስት ነጥብ ምን ያመጣል?" ብዬ ተቀበልኩት። ፒኖቹ ቀዳዳው ውስጥ በጣት ሲገፉ ይወዛወዙ ነበር። አንዱ ፒን ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ከተገፋ በ40 ሳንቲም ርቀት ላይ 0.3 ሚሊ ገደማ ሄደ ማለት ነው። ሁለተኛውን ገጽ ሳስቆርጥ አጠገቡ ቆሜ መጀመሪያ ቁርጥራጭ ላይ አንድ ቀዳዳ አስመታሁ። ፒኑን አስገብቼ፣ ሲወጣ "ጵ" የሚል ድምፅ ካሰማ በኋላ ነው ሙሉውን ያስቀጠልኩት። እባካችሁ እንደዚያ አድርጉ።

ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ ስኩዌር መሆናቸውን ለማየት ቀላል መንገድ አለ። ከአንድ ጥግ ተነስታችሁ በአንድ በኩል ሦስት ቀዳዳ፣ በሌላው በኩል አራት ቀዳዳ ቁጠሩ። ሦስቱ 288 ሚሊ፣ አራቱ 384 ሚሊ ይሆናሉ። የሁለቱ ጫፎች ሰያፍ ርቀት ከመሃል እስከ መሃል ልክ 480 ሚሊ መሆን አለበት። ግንበኛው መሠረት ሲያወጣ በገመድ የሚለካው 3፣ 4፣ 5 እኮ ነው።

ግን ይህም ቢሆን የቀዳዳዎቹን ልክ ብቻ ነው የሚነግራችሁ። መደገፊያው፣ ሀዲዱ፣ ፒኑ፣ መጋዙ አንድ ላይ ሆነው ምን እንደሚቆርጡ የሚያሳየው የአምስት ቁርጥ ፈተና ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ።

50 ሳንቲም በ50 ሳንቲም የሆነ ቁርጥራጭ ኤምዲኤፍ ያዙ። አንዱን ጎን ቁረጡ። አሁን የቆረጣችሁትን ጎን ወደ መደገፊያው አዙሩና ቀጣዩን ቁረጡ። ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ እያዞራችሁ አራቱንም ጎን ጨርሱ። አምስተኛው ላይ መጀመሪያ የቆረጣችሁት ጎን ተመልሶ ይመጣል። እሱን እንደገና ቁረጡት፤ አሁን ግን 25 ሚሊ ገደማ ስፋት ያለው ረጅም ቁራጭ እንዲወጣ አድርጉ። የቁራጩን ሁለት ጫፎች ስፋት በካሊፐር (ሚሊን በነጥብ የሚለካ መሣሪያ) ለኩ። ልዩነታቸውን ለ4 አካፍሉ። መልሱ ጠረጴዛችሁ በ50 ሳንቲም ላይ የሚሠራው ስህተት ነው። የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው፦ ሰሌዳው በዞረ ቁጥር ስህተቱ እየተደመረ ይሄዳል፣ አምስተኛው ላይ አራት እጥፍ ሆኖ ይወጣል። በዓይን የማይታየው ይታያል።

መጀመሪያ ስሠራው 25.9 እና 24.3 አገኘሁ። ልዩነቱ 1.6፣ ለ4 ሲካፈል 0.4 ሚሊ። ያን ጠዋት ስኳድራዬን አስደግፌ ወደ መስኮቱ ይዤ አይቼው ነበር፤ በመሃሉ ብርሃን አያሳልፍም። ስኳድራው "ልክ ነው" ያለኝ ጠረጴዛ 72 ሳንቲም ቁመት ባለው በር ላይ ከግማሽ ሚሊ በላይ ያጣምም ነበር። ሁለት በር ጎን ለጎን ሲቆም ደግሞ እጥፍ ነው። መደገፊያውን በአንድ ጫፍ በኩል በፊለር ጌጅ፣ መካኒኮቹ ቫልቭ በሚያስተካክሉበት ስስ የብረት መለኪያ፣ ትንሽ ትንሽ እየገፋሁ ደጋግሜ ቆረጥኩ። በአራተኛው ሙከራ ልዩነቱ 0.3 ላይ ቆመ። ለ4 ሲካፈል ከ0.1 ሚሊ በታች ነው። ለኤምዲኤፍ ሥራ ከዚህ በላይ መጨነቅ አያስፈልግም።

ከዚያ ክረምት ገባ። ሐምሌ ላይ ፒኖቹ ቀዳዳው ውስጥ አልገባም አሉ። ኤምዲኤፍ እርጥበት ይጠጣል፣ ቀዳዳው ውስጥ ያለው ጥሬ ጠርዝ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይጠጣል። በጎማ መዶሻ መታ መታ አድርጌ አስገባኋቸው፤ ያ ጥፋቴ ነው፤ ሁለት ቀዳዳ ከዳር ተሰነጠቀብኝ። መፍትሔው ቀላል ነበር። በደረቅ ቀን ቀዳዳዎቹን በስስ ብርጭቆ ወረቀት አሽቼ ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ቀባኋቸው። ከመጀመሪያው ቀን ቢሆን ኖሮ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር።

የከፋው የጠረጴዛው እግር ነው። በጥድፊያ በእርጥብ ሞራሌ ነበር የመታሁት። ሞራሌው ሲደርቅ ተጣመመ፣ መሃሉ 1.5 ሚሊ ሰጠመ። ይህ ለስኩዌርነት ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ሰሌዳው መሃል ላይ ሲጎብጥ ሀዲዱም አብሮት ይጎብጣል፣ መጋዙ ትንሽ ያዘነብላል፤ ጠርዙ ከላይ ወደ ታች 90 ዲግሪ መሆኑ ይቀራል። እሱን ለማየት አንድ ሰሌዳ መሃል ለመሃል ቁረጡ፤ አንዱን ገልብጡና የተቆረጡትን ጠርዞች አጋጥሟቸው። ክፍተት ካለ የምታዩት የስህተቱን እጥፍ ነው። ሞራሌውን ጥዬ 40 በ40 ሚሊ አርኤችኤስ (ውስጡ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን) ብረት አስበየድኩ። ከዚያ ወዲህ ገጹ አልተነቃነቀም።

ስለ መጋዙ ራሱ የምለው ጥቂት ነው፣ ብዙ ስላላስቸገረኝ። መጋዙ ሀዲዱ ላይ የሚኖረውን ንቅናቄ የሚያጠብቁ ሁለት ማስተካከያዎች አሉት፤ በየሦስት ወሩ አጥብቄያቸዋለሁ። 2.44 ሜትር ለመቁረጥ ሁለቱን ሀዲዶች ስታገናኙ መገጣጠሚያው ላይ ተጠንቀቁ፤ ብሎኖቹ ሲጠብቁ ሀዲዱን ሊያጎብጡት ይችላሉ። ረጅም ውሃ ልክ በጠርዙ አስደግፌ ነው የማጠብቀው። ከዲስኩ ጀርባ ቁርጡ እንዳይገጥም የሚይዝ ቢላ የለውም። ስለዚህ እርጥብ ጣውላ ስቆርጥ መንገዱ ላይ ሽብልቅ አስገባለሁ። መብራት መሃል ላይ ከጠፋ ደግሞ ጣታችሁን ወዲያው ከቁልፉ አንሱ፣ መጋዙንም ከቁርጡ አውጡት። ሰፈራችን ውስጥ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል።

አንድ የራሴን ስህተት ግን ልንገራችሁ። ለጣውላ ብዬ ጥርሱ ትንሽ የወፈረ ዲስክ ገዝቼ አስገባሁና በዚያው ሀዲድ ቆረጥኩ። ጎማውን እንደገና ከረከመው። ባለ 48 ጥርሱን ዲስክ ስመልስ በጎማውና በዲስኩ መሃል ክፍተት ቀረ። ሜላሚኑ መሸራረፍ ጀመረ፣ ልኬቴም በዚያው ልክ ሳተ። አዲስ ጎማ መለጠፍ ነበረብኝ። አሁን አንዱ ሀዲድ ለአንዱ ዲስክ ብቻ ነው፣ ላዩ ላይ በማርከር ጽፌበታለሁ።

ሌላው ጠላት ብናኝ ነው። በሰሌዳውና በመደገፊያው መሃል የገባች ትንሽ የኤምዲኤፍ ፍርፋሪ ያን ሁሉ ልፋት ዋጋ ታሳጣለች። ከእያንዳንዱ ቁርጥ በፊት በብሩሽ እጠርጋለሁ። ቫኪዩም ሁልጊዜ ከመጋዙ ጋር ይገናኛል፣ እኔም ረዳቴም ያለ ማስክ አንቆርጥም። የኤምዲኤፍ ብናኝ ሳንባ ላይ የሚቀር ነገር ነው።

የማይመቸው ለጠባብ ነገር ነው። ከ10 ሳንቲም በታች ስፋት ያለው ቁራጭ ላይ ሀዲዱ ይወላገዳል፤ እኩል ውፍረት ያለው ሌላ ሰሌዳ ከጎኑ ማስተኛት ያስፈልጋል። በቀን መቶ ተመሳሳይ ቁራጭ ለሚያወጣ ሰውም ቀርፋፋ ነው። በቀን አንድ ወይም ሁለት ካቢኔት ለሚሠራ፣ ቦታው ለጠበበው፣ ሥራውን ደንበኛው ቤት ድረስ ይዞ ለሚሄድ ሰው ግን ከልቤ ነው የምመክረው። ገንዘባችሁ ለሁለቱም ካልበቃ መካከለኛ ዋጋ ያለው መጋዝ ግዙና የተረፈውን ጠረጴዛው ላይ አውሉት። ጥሩ መጋዝ በመጥፎ ጠረጴዛ ላይ የሚሰጣችሁ በጣም ቀጥ ያለ ስህተት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እንደ ልማዴ ፈተናውን ደገምኩት። 24.8 እና 24.4 ወጣ። ልዩነቱ 0.4፣ በ50 ሳንቲም ላይ 0.1 ሚሊ። ቀኑንና ቁጥሩን እግሩ ላይ፣ ከቀድሞዎቹ ሥር ጻፍኩ። ገጹ በመጋዝ መንገድ ስለተሸነታተረ ለጥር አዲስ ላስቆርጥ ነው። ይህኛው ባለ 25 ሚሊ ውፍረት ይሆናል፣ ቀዳዳዎቹንም ገጹን ከመትከሌ በፊት ቫርኒሽ እቀባቸዋለሁ።