የአርኬድ ማሽን በደረጃ ወደ ፎቅ ለማውጣት፦ አምስት መሣሪያዎች በንጽጽር

ባለሙሉ ቁመት የአርኬድ ማሽን (ሳንቲም እየተከተተበት ቆመው የሚጫወቱበት የቪዲዮ ጨዋታ ሣጥን) እንደየዓይነቱ ከ110 እስከ 160 ኪሎ ይመዝናል። ቁመቱ 180 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ ወርዱ 65፣ ጥልቀቱ ደግሞ ከ75 እስከ 85 ይደርሳል። ይህን ያህል የሚከብድ የቤት ዕቃ ሌላም አለ፤ ይህን ለየት የሚያደርገው ክብደቱ የተከማቸበት ቦታ ነው። እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ባለ መስታወት ቱቦ የሆነው ሞኒተር ከወገቡ በላይ ተሰቅሏል፤ የታችኛው ሣጥን ከሳንቲም መያዣውና ከፓወር ሰፕላዩ በቀር ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሜዳ ላይ ረግቶ የቆመ ማሽን ደረጃ ላይ ትንሽ ሲያዘነብል ጭንቅላቱ የሚጎትተው ለዚህ ነው።

ጋሪ ሊገዙ ወይም ሊከራዩ ሲሄዱ ዓይን ውስጥ የሚገባው «250 ኪሎ ይችላል»፣ «350 ኪሎ ይችላል» የሚለው ጽሑፍ ነው። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። የሚናገረው ግን ስለ ብረቱ ጥንካሬ፣ ያውም በአብዛኛው ለጥ ባለ ወለል ላይ ስላለው አቅም ነው። የተለመደ ደረጃ 35 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። በዚህ ዳገት ላይ፣ ሰበቃው ሳይቆጠር፣ ከጠቅላላው ክብደት 57 በመቶ የሚሆነውን ሽቅብ የሚጎትት ኃይል ያስፈልጋል። 130 ኪሎ ማሽን ከ20 ኪሎ ጋሪ ጋር 150 ይሆናል፤ ስለዚህ 86 ኪሎ የሚያህለው ከሰው ክንድ ወይም ከሞተር መምጣት አለበት። የእርከኑ ከፍታ 18 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ 3 ሜትር ለሚሆን አንድ ፎቅ ይህ 17 ጊዜ ይደጋገማል። አሥራ አምስተኛው እርከን ላይ ክንድ ይዝላል። በመሆኑም ሻጩን አስቀድመው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ ደረጃው መሃል ላይ እጄን ብለቅ ምን ይሆናል?

| መሣሪያ | ደረጃ ላይ የምንመክርለት ክብደት | ሰው | እጅ ሲለቀው |
|---|---|---|---|
| ተራ ባለሁለት ጎማ ጋሪ | እስከ 80 ኪሎ | 2–3 | ቁልቁል ይነጉዳል |
| ባለኮከብ ጎማ ጋሪ | እስከ 70 ኪሎ | 2 | ኮከቡ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ፍሬን የለውም |
| የማቀዝቀዣ ጋሪ (ከጀርባው ቀበቶ ያለው) | እስከ 140 ኪሎ | 3 | ይንሸራተታል፤ ጎማው እርከን ላይ ካረፈ ግን ይይዛል |
| ባለሞተር ደረጃ ወጪ | አምራቹ ለደረጃ የፈቀደው | 2 | ሞተሩ ይቆማል፤ ሚዛኑን ሰው ካልያዘው ይገለበጣል |
| የትከሻ ማንገቻ | እስከ 60 ኪሎ | 2 | ይወድቃል፤ ሰውንም ይስባል |

በሁለተኛው ዓምድ ያሉት ኪሎዎች የእኛ ግምት ናቸው፤ ለረጅምና ጭንቅላቱ ለከበደ ዕቃ የተሰጡ እንጂ ለሲሚንቶ ከረጢት አይደሉም።

ባለኮከብ ጎማ ጋሪ

ብዙ ሰው የሚሸወደው በዚህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርገን እናየዋለን። በየጎኑ ሦስት ትናንሽ ጎማዎች በአንድ የሚሽከረከር ብረት ላይ ተገጥመውለታል። ፊተኛው ጎማ ከእርከኑ ጋር ሲጋጭ ብረቱ ይዞርና ቀጣዩ ጎማ ከላይ ያርፋል። ማስታወቂያው ላይ አንድ ሰው የውኃ ካርቶኖች ጭኖ እያፏጨ ሲወጣ ይታያል። በ40 ኪሎ እውነት ነው።

በ130 ኪሎ ግን ሁለት ነገር ይለወጣል። አንደኛ፣ የሚፈልገው ጉልበት ወጥ አይደለም። ኮከቡ መዞር ሲጀምር በጣም ይከብዳል፤ ከአፋፉ ካለፈ በኋላ በድንገት ይቀላል። የሚጎትተው ሰው በሙሉ ኃይሉ እየሳበ ሳለ ሸክሙ ስለሚቀልበት ወደ ኋላው ይንገዳገዳል፣ የማሽኑም ጭንቅላት ይወዛወዛል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ጎማ እርከን ላይ ሲያርፍ በምት ነው። የጎማዎቹ እምብርት ፕላስቲክ ከሆነ የሚሰነጠቀው እዚህ ላይ ነው፤ ኩሽኔታ የሌለውም ቶሎ ይላላል። በዚያ ላይ ኮከቡ ለአንድ ዓይነት የእርከን መጠን የተሠራ ነው። የእርከኑ መርገጫ ሰፋ ሲል ጎማዎቹ ከደረጃው ጋር ሳይገጥሙ ይቀሩና በየእርከኑ እየገፉ ማስተካከል ግድ ይሆናል።

30 ኪሎ ለማይሞላ አነስተኛ የቤት ውስጥ ማሽን ከሆነ ይግዙት። ለሙሉ ማሽን አይግዙት።

ተራ ጋሪ

ርካሽ ነው፣ ምናልባትም ቤት ውስጥ አለ። ጎማው ብዙውን ጊዜ 25 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ 12.5 መሆኑ ነው። እርከኑ 18 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ የጎማው መሃል ከእርከኑ ጠርዝ በታች ይቀራል፤ አይንከባለልም፣ ተጎትቶ ይነሳል። የጋሪው የኋላ ብረትም በየጠርዙ እየተያዘ ይቧጫል። በአየር የሚሞላ ጎማ ከሆነ እርከን ላይ ሲያርፍ ያነጥራል። ለአስፋልቱና ለኮሪደሩ ይጠቅማል፤ ደረጃው ሥር ሲደርስ ሥራው አልቋል።

የማቀዝቀዣ ጋሪ

ለመግዛት ካሰቡ ገንዘብዎን እዚህ ላይ ያውሉ። ከጀርባው በትናንሽ ሮለሮች ላይ የሚዞሩ ሁለት ረጃጅም የጎማ ቀበቶዎች አሉት። ጋሪው ከደረጃው ጋር ትይዩ እስኪሆን ሲጋደም ቀበቶዎቹ በአንድ ጊዜ ሁለት ሦስት የእርከን ጠርዞችን ይዘው ሸክሙን ስለሚቀበሉ ለሰው የሚቀረው መሳብ ብቻ ነው። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ዕቃው እንዳይወድቅ ፈርተው ጋሪውን ቀጥ አድርገው ሲይዙት ነው። ያን ጊዜ ቀበቶው ደረጃውን አይነካም፤ ጋሪው ከተራው ምንም አይለይም።

ሲገዙ እነዚህን ይመልከቱ። የፍሬሙ ቁመት ቢያንስ 150 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የታችኛው ምላስ (ዕቃው የሚቀመጥበት ጠፍጣፋ ብረት) አጭር ከሆነ 80 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለውን ማሽን በደንብ አይሸከምም፤ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ወይም ማራዘሚያ የሚቀበል ይምረጡ። ማሰሪያው ከፍሬሙ ጋር የተገጠመ፣ በራቼት (እጀታው ወዲያ ወዲህ ሲባል ማሰሪያውን በሚስብ መቆለፊያ) የሚጠብቅ መሆን አለበት፤ ያም ሆኖ ሁለተኛ ማሰሪያ ለብቻው ይግዙ። ቀበቶዎቹን በእጅ ያዙሯቸው፤ አንዱ ከተያዘ ጋሪው ወደ አንድ ጎን ይስባል።

ሦስት ሰው ይበቃል። ሁለቱ ከላይ ናቸው፤ አንዱ እጀታውን ይዞ ትእዛዝ ይሰጣል፣ ሌላው ከፍሬሙ ጋር የታሰረ ገመድ ይስባል። ሦስተኛው ከታች ሆኖ መሠረቱን ይገፋል፤ የጆይስቲኩን (የመጫወቻ እጀታውን) ሰሌዳ ይዞ የሚገፋ ሰው ሰሌዳውን ነቅሎ ይቀራል። ዕረፍት በየሦስት እርከኑ ነው። ጎማው መርገጫው ላይ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ከቀጣዩ እርከን ግድግዳ ጋር ሲጣበቅ ብቻ ይረፉ፤ በዕረፍት ጊዜ የታችኛው ሰው ከማሽኑ ሥር ወጥቶ በጎን ይቁም። ደረጃው በጎን ለመቆም የማይበቃ ጠባብ ከሆነ፣ ለታችኛው ሰው ብቻ ተብሎም ቢሆን ሞተር መከራየት ይሻላል።

ባለሞተር ደረጃ ወጪ

ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ በሚዞር ወይም በሚገፋ እግር ሸክሙን እርከን በእርከን የሚያነሳ ነው። ሌላው እንደ ዶዘር በሰንሰለት ጎማ የሚሄድ ነው። ባለሰንሰለቱ ቀጥ ባለ ረጅም ደረጃ ላይ ይረጋጋል፤ ጠባብ ማረፊያና ጠምዛዛ ደረጃ ግን አይወድም። ለአፓርትመንት ባለእግሩ ይሻላል።

ከ86ቱ ኪሎ ነፃ ያወጣዎታል፤ ከሚዛኑ ግን አያወጣዎትም። ቁልፉን ሲለቁ ሞተሩ ባለበት ይቆማል፤ ባለእግሩ መሣሪያ ግን አሁንም በሁለት ጎማ ላይ ነው፣ እጀታውን የያዘ ሰው ከሌለ ይጋደማል። ሞኒተሩ ከላይ ስለሆነ የማሽኑ የክብደት ማዕከልም ከፍ ይላል፤ ስለዚህ እጀታው የሚረዝም ይምረጡ። ደረጃውን ከመጀመርዎ በፊት ሜዳ ላይ ጋሪውን እያጋደሙ በሁለት ጣት ብቻ የሚያዝበትን ነጥብ ያግኙ፤ ደረጃ ላይም በዚያው ማዕዘን ይሂዱ።

ሲከራዩ አራት ነገር ይጠይቁ፦ ለደረጃ የተፈቀደው ክብደት፣ የሚወጣው ከፍተኛ የእርከን ቁመት፣ በአንድ ሙሉ ቻርጅ በዚህ ጭነት ስንት እርከን እንደሚወጣ፣ የመሣሪያው የራሱ ክብደት። የመጨረሻውን ሰው ይረሳዋል። ከ30 እስከ 50 ኪሎ የሚመዝን መሣሪያ ከማሽኑ ጋር ሲደመር የደረጃው ንጣፍ ጠርዝ ላይ ያርፋል፤ የተሰነጠቀ እብነ በረድ ካለ ይረግፋል። ለአንድ ማሽን ብሎ መግዛት ከንቱ ወጪ ነው። በየጊዜው የሚያጓጉዝ ሰው ግን ይግዛው።

የትከሻ ማንገቻ

ሁለት ሰው ትከሻው ላይ የሚያጠልቀው፣ ዕቃውን ከሥሩ የሚይዝ የጨርቅ ቀበቶ ነው። ኮሪደር ውስጥ ግሩም ነው። ደረጃ ላይ ማሽኑ ሲያዘነብል ክብደቱ ወደ ታችኛው ሰው ይዞራል፤ ያ ሰው ደግሞ እግሩን አያይም፣ ማንገቻውንም በፍጥነት ማውለቅ አይችልም። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ኪሎ የጨርቁ አቅም ነው፤ ስለ ወገብዎ የሚለው ነገር የለም።

ከመከራየት በፊት፦ ክብደት መቀነስ

ባለ19 ኢንች ቱቦ ሞኒተር ከነፍሬሙ 20 ኪሎ ገደማ፣ ባለ25 ኢንቹ 40 ገደማ ነው። የሳንቲም በሩ፣ የጆይስቲክ ሰሌዳውና ትራንስፎርመሩ አብረው ሲወጡ 130 ኪሎ የነበረው ወደ 95 ይወርዳል። በዚያው ስሌት የሚጎተተው ከ86 ወደ 66 ኪሎ ይቀንሳል፤ የክብደት ማዕከሉም ዝቅ ይላል። ከማንኛውም ጋሪ ይልቅ ይህ ደረጃውን ያቀልላል።

ነገር ግን ባለቱቦ ሞኒተር ቀልድ አያውቅም። ሲሠራ በቱቦው አናት ላይ ባለችው የጎማ ኮፍያ በኩል 20,000 ቮልት አካባቢ ይገባል፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ቱቦው ለቀናት ሊይዘው ይችላል። ባዶ የሚደረገው እጀታው በደንብ በተሸፈነ ካቻቢቴ ነው፦ ብረቱ በሽቦ ከቱቦው የመሬት ገመድ ጋር ይታሰራል፣ ጫፉ በኮፍያው ሥር ይገባል፣ አንድ እጅ ከጀርባ ይያዛል። ከደቂቃዎች በኋላ ይደገማል፤ ቀሪው እንደገና ስለሚሰበሰብ። ይህን ሠርተው የማያውቁ ከሆነ ሞኒተሩን አይንኩት፤ የሚያውቅ ቴክኒሻን ይጥሩ፣ ካልሆነም እንዳለ ይውጣ። እንዳለ ከወጣ አራቱን የሞኒተር ብሎኖች ያጥብቁ። ከቱቦው ኋላ ያለው ቀጭን አንገት ከተሰበረ አየር ይገባና ሞኒተሩ ይሞታል።

ማረፊያውን ይለኩ

ከመሣሪያው ምርጫ በፊት ሜትር ይዘው ደረጃውን ይውጡ። 65 በ80 የሆነ መሠረት ከጥግ እስከ ጥግ 103 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ማሽኑ ቆሞ ለመዞር ቢያንስ ይህን ይፈልጋል። ጋሪው ከኋላው 25 ከጨመረ ጥግ ለጥጉ 123 ይሆናል። ማረፊያዎ 110 ከሆነ ማሽኑን ከነጋሪው ማዞር አይቻልም፦ ማሰሪያው ተፈትቶ ማሽኑ በታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ይቆማል፣ በብርድ ልብሱ ይጎተታል፣ ተዙሮ እንደገና ይጫናል። የእጅ መደገፊያው ወደ ውስጥ የገባበትን ያህልም ይቀንሱ። ጠባብ በር ላይ መዝጊያውን ከማጠፊያው ማውለቅ እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ያተርፋል።

አጫጫን

ከሥር ያሉት የማስተካከያ እግሮች ይፈቱ። እርከን ላይ የተያዘ እግር ቺፑዱን ገንጥሎ ይወጣል፤ ውኃ የነካው መሠረት ደግሞ እንደ ብስኩት ይፈርሳል። ማሽኑ ጀርባውን ለጋሪው ሰጥቶ ይቀመጣል። የኋላ በሩ ስስ ስለሆነ በአግድም ሁለት ሞራሌዎች፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ በሁለቱ የጎን ግድግዳዎች ላይ ተደግፈው ይገቡና ክብደቱን ይቀበላሉ። የኋላ ጎማ ያለው ማሽን ከሆነ የጋሪው ምላስ በትክክል አይገባም፤ በጣውላ ደልድለው ያስተካክሉት።

የታችኛው ማሰሪያ በሳንቲም በሩ ከፍታ፣ ላይኛው ከመስታወቱ በላይ ይሁን። ጆይስቲክና መስታወት ላይ ማሰሪያ አይለፍ። ጥጎቹ ላይ ወፍራም ካርቶን ያድርጉ፤ ራቼት ከመጠን በላይ ሲጠብቅ የኤምዲኤፉን (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀውን ሰሌዳ) ጠርዝ ይሰረጉዳል፣ የጎን ሥዕሉንም ይልጣል። የሳንቲም ሣጥኑ ይውጣ፣ ቁልፎቹ ይነቀሉ፣ የጨዋታው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ከተፈታ በብርድ ልብስ ሳይሆን በፀረ ስታቲክ (ከሰበቃ ኤሌክትሪክ በሚከላከል) ከረጢት ይሂድ።

ማሽኑ ቦታው ሲደርስ ወዲያው አይሰኩት። የኋላ በሩን ከፍተው የሞኒተሩን ብሎኖች፣ የላሉ መሰኪያዎችንና ወለሉ ላይ የወደቀ ቪቴ መኖሩን ይዩ። ከቀዝቃዛ ቦታ ወደ ሞቃት ክፍል ከገባ ውስጡ የያዘው ጤዛ እስኪደርቅ ጥቂት ሰዓታት ይቆይ።