የሚሺጋኑ የመካከለኛው እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በአንድ ቃል ሲፈተሽ

«ክሮኒክለር» (የዘመኑን ታሪክ የሚመዘግብ ጸሐፊ) የሚለውን የመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝኛ ቃል ሥሩን ለሚፈልግ ተርጓሚ፣ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ላይ ያስቀመጠው መዝገበ ቃላት ቀዳሚው መሣሪያ ነው። ክፍያም ምዝገባም የለውም። ኅትመቱ ከ1952 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. የዘለቀ፣ 15,000 ገጽ ገደማ የሆነ ሥራ በስልክ ይከፈታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገና ሲፈልግ ነው። ዛሬ ቃሉ ከሲ ቀጥሎ ኤች አለው፤ መዝገቡ ግን ያለ ኤች ነው የሚያስገባው። የያኔው አጻጻፍ ወጥ ስላልነበረ ሙሉውን ቃል ከመጻፍ ሲ፣ አር፣ ኦ፣ ኤን፣ አይ፣ ሲ ብሎ ኮከብ ምልክት ማስከተል ይሻላል። ፍለጋው በዋና ቃላት፣ ማለትም በመዝገቡ ርእስ ሆነው በገቡት ቃላት፣ ካልተገደበ ግን በጥቅሶች ውስጥ ያለው ሁሉ ተግተልትሎ ይመጣል።

ሁለተኛው ወጥመድ ዓመተ ምሕረቱ ነው፤ የከፋውም እሱ ነው። ከጥቅስ በፊት ሁለት ዓመት ከተጻፈ ከቅንፍ ውጭ ያለው ብራናው የተገለበጠበት፣ በቅንፍ ያለው ድርሰቱ የተደረሰበት ዘመን ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ቃሉን በሃምሳና በመቶ ዓመት ያስረጀዋል ወይም ወጣት ያደርገዋል። ከቁጥሩ ፊት ያለችው ትንሿ ኤ «ከዚያ ያልዘገየ»፣ ሲ ደግሞ «ገደማ» ማለት ናት።

የቃል ምንጭ ማብራሪያው አጭርና በምህጻረ ቃል የታጨቀ ነው፤ ቢሆንም መንገዱን ያሳያል። «ዘመን» የሚለው የግሪኩ ክሮኖስ በላቲንና በፈረንሳይኛ በኩል ሲያልፍ፣ እንግሊዝ አገር ይነገር የነበረው ፈረንሳይኛ መሐሉ ላይ ኤል ጨመረበት። መጨረሻ ላይ ያለው «ኧር» ጻፈን ጸሐፊ እንደሚያደርገው ያለ የባለድርጊት ምልክት ነው።

ወደ አማርኛ ሲመለስ «ዜና መዋዕል ጸሐፊ» ልኩ ነው፤ መዋዕልም ከዘመን ጋር ይገጥማል። አንዳንዶች የሚመርጡት «ጸሐፌ ትእዛዝ» ግን የቤተ መንግሥት ሹመት ነው፤ በ1259 እ.ኤ.አ. የሞተው ዜና መዋዕል ጸሐፊ ማቲው ፓሪስ ደግሞ የሴንት ኦልባንስ ገዳም መነኩሴ ነበር። ይህን ልዩነት መዝገቡ አይነግርም፤ ጥቅሶቹን ዘርዝሮ ማንበብ ግድ ነው።

የመካከለኛው እንግሊዝኛ ዘመን እዚያ ላይ ስለሚያበቃ፣ ከ1500 እ.ኤ.አ. በኋላ ያለውን የቃሉን ታሪክ እዚህ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ለዚያ የኦክስፎርዱ ትልቁ መዝገበ ቃላት አለ፤ እሱ ግን በክፍያ ነው።