ሕዝበ ውሳኔ ወይስ የምክር ቤት ሕግ?

አየርላንዳውያን እ.ኤ.አ. በ1983 በሕገ መንግሥታቸው ያሰፈሩትን የፅንስ ማቋረጥ ክልከላ በ2018 ባካሄዱት ሕዝበ ውሳኔ በ66.4 በመቶ ድምፅ ሲሽሩት፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተቃውሞ በአደባባይ ተሰምቶ ነበር፤ በውጤቱ የወጣው ሕግም በሃይማኖቱ ምክንያት አገልግሎቱን የማይሰጥ ሐኪም ታካሚዋን ወደ ሌላ ሐኪም እንዲያስተላልፍ ያስገድዳል። የእኛ ለውጥ የመጣው ግን ያለ ሕዝበ ውሳኔ፣ በ1997 ዓ.ም. በጸናው የወንጀል ሕግ ነው። ተደፍራ ያረገዘች ሴት ፅንሱን ለማቋረጥ ቃሏ ብቻ ይበቃል፤ ሌላ ማስረጃ አይጠየቅም።

ሼኩም ቄሱም ምክር በሚጠየቁበት በወሎ፣ ይህን የማታውቅ የገጠር ልጅ ነጠላዋን ተከናንባ ከጤና ጣቢያው በር የፖሊስ ወረቀት ፍለጋ ልትመለስ ትችላለች። የአየርላንዱ መንገድ ሕዝቡን አከራክሮ ሕጉን አሳውቆታል፤ ሆኖም የተደፈረች ልጅ ጤና በብዙኃን ድምፅ ከሚወሰን የእኛን እመርጣለሁ፣ አንቀጹ በየቀበሌው እስከተነገረ ድረስ።