እጅ ለእጅ መያያዝ ወይስ መንገድ መዝጋት?

እ.ኤ.አ. ሜይ 16 ቀን 1998 የቡድን 8 (የስምንቱ ኃያላን አገራት) መሪዎች በእንግሊዟ በርሚንግሃም ተሰብስበው ሳለ፣ ወደ 70,000 የሚጠጋ ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የሰው ሰንሰለት ሠራ። ጥያቄው አንድ ነበር፦ የደሃ አገራት እዳ ይሰረዝ። ዘመቻው ኢዮቤልዩ 2000 ይባል ነበር። ስሙ ከኦሪት ዘሌዋውያን የመጣ ነው፤ በሃምሳኛው ዓመት ባሪያ ነፃ ይወጣል፣ የተሸጠ መሬት ለባለርስቱ ይመለሳል። ቤተ ክርስቲያን ሳሚው ሁሉ ነገሩ ወዲያው የገባው ለዚህ ይመስለኛል።

ኤፕሪል 16 ቀን 2000 ዋሽንግተን ላይ ለተቃውሞ የወጡት ሰዎች ደግሞ የዓለም ባንክንና የአይኤምኤፍን (የዓለም አቀፉን የገንዘብ ድርጅት) ስብሰባ ጭራሽ ለማስቆም ነበር። በትንንሽ ቡድን ተከፋፍለው መስቀለኛ መንገዶችን ያዙ። እያንዳንዱ ቡድን ተወካይ ይልካል፣ ተወካዮቹ ተመካክረው ይወስናሉ። አዛዥ የለም። ይሄ አሠራር በጣም ደስ ይለኛል፤ ጥቂት ሰው ቢታሰር ሥራው አይቆምም። ግን ተሰብሳቢዎቹ ገና ሳይነጋ በአውቶቡስ ገቡ፣ ስብሰባውም ቀጠለ። በእነዚያ ቀናት ከ1,000 በላይ ሰው ታሰረ።

በውጤት ከሆነ እኔ ሰንሰለቱን እመርጣለሁ። ማንም ሰው፣ ሽማግሌም ሕፃንም፣ ሳይፈራ ሊገባበት ይችላል። በ1999 የቡድን 7 አገራት (ከቡድን 8 ሩሲያ ስትቀር ያሉት) ጀርመን ኮሎኝ ላይ የእዳ ቅነሳውን አሰፉት፤ ኢትዮጵያም በዚሁ ዕቅድ በ2004 ተጠቅማለች። ቅነሳው ግን ከነአይኤምኤፍ ቅድመ ሁኔታው ነው የመጣው። ዋሽንግተን ላይ መንገድ የዘጉት ሰዎች ሲጮሁበት የነበረውም ይኸው ቅድመ ሁኔታ ነው።