አራት ጥቁር ሲጋሮች ደብረ ብርሃን ላይ፦ የትኛው ይገዛ?

ውጭ አገር ያለ ዘመድ «ስመጣ ምን ልያዝልህ?» ሲላችሁ ሲጋር የምትሉ ከሆነ ይህን አንብቡት። የማታጨሱ ግን በኔ ሰበብ እንዳትጀምሩ። የሲጋር ጭስ ወደ ሳንባ ባይሳብም የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ያመጣል፣ ኒኮቲኑም ሱስ ያስይዛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ትምባሆ መሸጥ ይከለክላል፤ ካፌና ሆቴል ውስጥም ማጨስ አይቻልም። ስለዚህ እኛ የምንቀመጠው ውጭ፣ ግቢ ውስጥ ነው።

አምስት ነን። አንዱ የደሴ መስመር ሾፌር ነው፣ አንዱ መምህር፣ አንዱ አሜሪካ ኖሮ የተመለሰ፣ አራተኛው ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ ናቸው፣ አምስተኛው እኔ። አራቱም ሲጋሮች ማዱሮ የሚባሉት፣ የላይኛው ቅጠላቸው የጠቆረ ዓይነት ናቸው። ስምና ዋጋ እንዳያሳስተን ስማቸው የተጻፈበትን የወረቀት ቀለበት አውልቀን፣ በየተራ አጭሰን፣ እያንዳንዳችን ከ10 ነጥብ ሰጠን።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ። ጥቁር ሲጋር ሁሉ ኃይለኛ ነው የሚባለው ልክ አይደለም። ሲጋሩን የሚያከብደው በዋናነት ውስጡ የተሞላው ቅጠል ነው፤ በተለይ ከተክሉ አናት ላይ የሚለቀመው፣ ፀሐይ የጠገበውና ሊሄሮ የሚባለው። የላይኛው ቅጠል የሚጠቁረው ወፍራም ቅጠል ተመርጦ፣ ተከምሮ፣ በራሱ ሙቀት ረዘም ላለ ጊዜ ሲብላላ ነው። ይህ ሂደት ምሬቱን ይቀንሳል፣ ጣፈጥ ያለ ነገርም ያመጣል። ብዙ ሰው ጥቁሩን ፈርቶ ነጣ ያለውን ይገዛና ራሱን ያዞረዋል፤ ፈርቶ የተወው ጥቁር ሲጋር ሊለሰልስለት ይችል ነበር።

ብሪክ ሃውስ ማዱሮ። የላይኛው ቅጠሉ አራፒራካ የሚባል የብራዚል ቅጠል ነው፣ ውስጡ የኒካራጓ። ከአራቱ ርካሽ ከሚባሉት ነው። ወፈር ይላል፣ አሳሳቡ ቀላል ነው፣ ጣዕሙ የቡናና የኮኮዋ ሆኖ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ብዙም አይለወጥም። ጋሼ በጣም ወደዱት፣ «አያስቸግርም» ብለው 8 ሰጡት። ሾፌሩ ሰለቸውና 6 ላይ ቆመ። በአማካይ 7። ለጀማሪ ይሆናል፣ ብዙ የምለው የለኝም።

ኦሊቫ ሴሪ ጂ ማዱሮ። እዚህ ላይ ነው ረጅም ክርክር የተነሳው። የላይኛው ቅጠሉ ብሮድሊፍ ነው፣ የአሜሪካ ኮነቲከት የሚበቅለው። ይህ ቅጠል እንደ ሌላው አንድ በአንድ አይለቀምም፣ ተክሉ ከነግንዱ ተቆርጦ ይሰቀላል። ወፍራምና ቅባታም ነው፣ መልኩም ሻካራ፣ ደም ሥሩ ጎላ ያለ። ሲጋሩ በሳጥን ተጨምቆ አራት ማዕዘን ስለሆነ ጣት ላይ አይንከባለልም። ሮቡስቶ የሚባለው መጠኑ ርዝመቱ አራት ተኩል ኢንች ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ለኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ነው ያለችው፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ማን ነው ሁለት ሰዓት ውጭ ተቀምጦ ሲጋር የሚስብ? ጣዕሙ በጥቁር ቡና ይጀምርና መሐል ላይ የተቆላ ገብስ ሽታ ይመጣል፤ መምህሩ «ቆሎ ቆሎ አለኝ» ሲል ሁላችንም ተስማማን። አሜሪካ የኖረው ጓደኛችን መጨረሻው ላይ ይመራል ብሎ 7 ሰጠ። እኔ አልመረረኝም፣ ቶሎ ቶሎ ስለሚስብ ሲጋሩ ግሎበት ነው ባይ ነኝ። በደቂቃ አንዴ መሳብ ይበቃል። በአማካይ 8።

ኦሊቫ ሴሪ ቪ ሜላኒዮ ማዱሮ። ቤቱ ያው ኦሊቫ፣ ቅጠሉ ግን የሜክሲኮ ሳን አንድሬስ ነው። ከጂው ጠንከር ይላል። አፍ ላይ ቁንዶ በርበሬ አለው፣ ቀጥሎ ጥቁር ቸኮሌት፣ ቀጥሎ እርጥብ አፈር የሚመስል ነገር። ሾፌሩ ያለምንም ማቅማማት 9 ሰጠው። ጋሼ ግማሹ ላይ አስቀመጡት፣ ከበዳቸው። ይህን በባዶ ሆድ አትሞክሩት፤ ጥብስ ወይም ክትፎ ከበላችሁ በኋላ ግን ቦታውን ያገኛል። አማካዩ 8 ነው፤ ግን ይህ 8 ከጂው 8 ጋር አንድ አይደለም፣ ጂውን ሁሉም ወደደው፣ ይህን ግማሾቻችን በጣም ወደድነው፣ ሌሎቹ ተዉት።

ፓድሮን 1964 አኒቨርሳሪ ማዱሮ። 9 አገኘ፣ ማንም አልተከራከረም። ሙሉ በሙሉ የኒካራጓ ትምባሆ ነው፣ ቅጠሉ አራት ዓመት ተቀምጦ የበሰለ። ቁጥሩ ድርጅቱ ማያሚ ላይ የተመሠረተበት ዓመት ነው፣ ሲጋሩ ራሱ የወጣው በ1994 እ.ኤ.አ. 30ኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ነው። ኃይል አለው፣ ግን አይቧጥጥም፤ አመዱ ጠንካራ፣ አነዳደዱ ቀጥ ያለ። ችግሩ ዋጋው ነው፣ ከብሪክ ሃውስ እጥፍ በላይ ይወጣል። በልዩነቱ መጠን ይሻላል ወይ ብትሉኝ፣ አይሻልም። ለሠርግ፣ ለልጅ ምርቃት አንዱን ግዙ። ለዘወትር ጂውን ግዙ።

አሁን ስለ አያያዝ፣ ምክንያቱም እዚህ ነው ብዙ ሲጋር የሚበላሸው። በበጋ አየራችን ደረቅ ነው። ሲጋር ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተወ የላይኛው ቅጠል ይሰነጠቃል፣ ጭሱም ይተኩሳል። ውድ የእንጨት ሳጥን አያስፈልግም፣ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የፕላስቲክ ዕቃና አንድ የእርጥበት መቆጣጠሪያ ፓኬት ይበቃል። 65 በመቶ የሚለውን ፓኬት አስመጡ፣ ወፍራም ጥቁር ቅጠል እርጥበት ሲበዛበት አልነድ ብሎ ያስቸግራል። ብርዱ በበኩሉ ይጠቅመናል፤ የትምባሆ ነቀዝ የሚፈለፈለው በሙቀት ነው። ጣርማ በርን አልፋችሁ ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ሙቀቱ ለነቀዝ ይመቻል፤ ሲጋር መኪና ውስጥ ትታችሁ አትውረዱ። (ሸዋ ሮቢት ራሷ ለሲጃራ የሚሆን ትምባሆ ሲመረትባት የኖረች አገር ናት፤ ይህን ብዙ አጫሽ አያውቅም።)

ላይተርን በተመለከተ፣ በኃይል የሚተፋው የጋዝ ላይተር ከፍታ ላይ ይለግማል። ጣርማ በር ላይ ጭራሽ እምቢ ሊል ይችላል። ክብሪት ያዙ፣ ድኙ ተቃጥሎ እስኪያልቅ ጠብቃችሁ ለኩሱ።

አብሮ የሚጠጣው ቡና ነው። የደብረ ብርሃን አረቄ ስሙ የገነነ ነው፣ እኔም አከብረዋለሁ፣ ግን ከሲጋር ጋር አይሆንም፤ ምላስን ያደነዝዝና የፓድሮንን ዋጋ የከፈላችሁበት ጣዕም ሁሉ ይጠፋል።

ቀለም የተቀባ ሲጋርም አለ። ጥቁረቱ ዳር እስከ ዳር ፍጹም አንድ ዓይነት ከሆነ ተጠራጠሩ፤ ነጭ ሶፍት አርሳችሁ ቀስ ብላችሁ አሹት፣ ብዙ ጥቁር ከለቀቀ ተውት። ትንሽ ቡናማ መልቀቅ ግን ያለ ነው።

ኮሂባ ማዱሮ 5ን ለምን እንዳላካተትነው የሚጠይቅ አይጠፋም። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ የኩባ ሲጋር ነው፣ የላይኛው ቅጠሉ አምስት ዓመት የሚቆይ። ዋጋው ከአራቱም ይበልጣል፣ ደግሞም በስሙ የሚሸጠው ሐሰተኛ ብዙ ነው። ክዳኑ መስታወት የሆነ የኮሂባ ሳጥን ካያችሁ ዋጋ እንኳ አትጠይቁ፤ ኮሂባ በመስታወት ክዳን አይሸጥም። የግድ ካላችሁ ዘመዳችሁ ፈቃድ ካለው ሱቅ ሴክሬቶስ የሚባለውን ትንሹን ይግዛላችሁ፤ 11 ሳንቲሜትር ነው፣ ብርዱ ሳይበረታ ያልቃል።