አበባ ለመግዛት፦ የአበባ መደብር፣ ሱፐርማርኬት ወይስ የኢንተርኔት ትዕዛዝ?

አበባ የሚገዙ ሰዎች በአብዛኛው የሚያነጻጽሩት ዋጋን ነው፤ የመደብር እቅፍ አበባ ሁልጊዜ ውድ፣ የሱፐርማርኬቱ ደግሞ ሁልጊዜ ርካሽና የማይበረክት እንደሆነ አድርገው ያስባሉ። በእኔ እምነት መነጻጸር ያለበት አበባው ቤት ከገባ በኋላ ስንት ቀን እንደሚቆይ ነው፤ ይህን የሚወስነውም አበባው ከተቆረጠበት ጊዜ ጀምሮ የተያዘበት ሁኔታ ነው።

የአበባ መደብር ትልቁ ጥቅም ቀዝቃዛ ክፍሉና ጥያቄ የሚመልስ ባለሙያ መኖሩ ነው። ጽጌረዳ ከ0 እስከ 2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ሲቀመጥ እርጅናው ይዘገያል፤ እንደ አንቱሪየም ያሉ የሞቃት አካባቢ አበቦች ግን በዚያው ቅዝቃዜ ስለሚጎዱ፣ ሁሉንም በአንድ ማቀዝቀዣ የሚያጭቅ ሻጭ መደብሩ ምንም ያህል ቢያምር ጥንቃቄ ይጎድለዋል። ሱፐርማርኬት በበኩሉ ብዙ ደንበኛ ካለው አበባው ቶሎ ቶሎ ስለሚተካ፣ ጠዋት የገባ እቅፍ በመደብር ለቀናት ከቆየው ሊሻል ይችላል። ጉዳቱ አበባው አንዳንድ ጊዜ ከፍራፍሬ አጠገብ መደርደሩ ነው፤ የሚበስል ሙዝና ፖም የሚያወጡት ኤትሊን የተባለ ጋዝ በተለይ ካርኔሽን የተባለውን አበባ ያለ ጊዜው ያጠወልጋል።

በኢንተርኔት የሚያዙ ሰዎች ድረ ገጹ ራሱ አበባ ሻጭ ይመስላቸዋል። አንዳንዶቹ ግን ትዕዛዙን ተቀብለው ኮሚሽናቸውን ካስቀሩ በኋላ በተቀባዩ አካባቢ ወዳለ መደብር የሚያስተላልፉ አገናኞች ናቸው፤ እቅፉን ለሚሠራው ባለሙያ የሚደርሰውም ገዢው ከከፈለው ያነሰ ነው። ስለዚህ ሩቅ ላለ ሰው የሚልክ ገዢ በዚያ አካባቢ ያለ መደብር ፈልጎ በቀጥታ ቢደውል ይሻለዋል።

ከሻጩ ምርጫ ይልቅ ብዙ ጊዜ ልዩነት የሚያመጣው የአበባው ዓይነት ነው። ጽጌረዳና ቱሊፕ በተለመደው እንክብካቤ ሳምንት ገደማ ሲቆዩ፣ ካርኔሽንና ክሪሳንተመም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሊቆዩ ይችላሉ። ካርኔሽን ርካሽ ስለሆነ ብቻ እንደ ማሟያ መታየቱ ያሳዝነኛል፤ ለታመመ ሰው ወይም ለረጅም ጊዜ መታየት ላለበት ስጦታ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ጽጌረዳ የሚመርጥ ሰው ደግሞ የእምቡጡ የውጭ የአበባ ቅጠሎች ጠርዝ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሆኖ ቢያገኘው አሮጌ ነው ብሎ አይለፈው፤ እነዚህ እምቡጡን በጉዞ ላይ ከጉዳት የሚከላከሉ ቅጠሎች ስለሆኑ ቤት ሲደርሱ ይነቀላሉ። ይልቁንስ እምቡጡን ከሥሩ በጣት ቀስ አድርጎ ይጫነው፤ ጠንካራ ከሆነ ትኩስ፣ ልል ከሆነ የቆየ ነው። ጥብቅ ብሎ የተዘጋ እምቡጥ ሁልጊዜ የተሻለ ነው የሚለውም እውነት አይደለም፤ ያለ ጊዜው የተቆረጠ ጽጌረዳ ጨርሶ ላይፈካ ይችላልና፤ ለዚያው ምሽት ዝግጅት ከሆነ በከፊል የፈካውን መውሰድ ይመረጣል።

ከእቅፉ ጋር የሚሰጠው የአበባ ምግብና በየቤቱ የሚሞከረው አስፕሪን ወይም ሳንቲም እኩል አይደሉም። ምግቡ ስኳር፣ ውኃውን አሲዳማ የሚያደርግና ባክቴሪያን የሚገታ ንጥረ ነገር በአንድነት ይይዛል፤ አስፕሪንም ሆነ ሳንቲም ሦስቱን አያሟላም። ሻጩ ምግቡን ካልሰጠ ይጠየቅ። ተቀባዩ ድመት እንዳለውም ለሻጩ መንገር ያስፈልጋል፤ ሊሊ የድመትን ኩላሊት ክፉኛ ስለሚመርዝ በሌላ አበባ መተካት አለበት።